ትንፋሹ ተመልካች ይረብሻል ስለተባለው ወዳጄ

ለተከበሩ የሕዝብ አዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፣
በቢሯቸው፣

የከበረ ሰላምታዬን የማቀርብልዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ደረትዎም አየር እንደ ልቡ የሚገባበትና የሚወጣበት እንዲሆንልዎ ከልቤ እየተመኘሁ ነው። ይህ የመጨረሻው ምኞት በሰላምታ ውስጥ ሲገባ ብዙም አይታይም፤ እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ግን ለሰው ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምመኝለት እሱን ሆኗል፤ ለእርስዎም አልሰስትም።

ራሴን ላስተዋውቅ። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሌላ ሰው የጻፈውን እያነበብኩ የጎደለውን ፊደል ስሞላ፣ የተደገመውን ስሰርዝ እውላለሁ። እሑድ ከሰዓት በአዳራሽዎ የጠፈር ጀብዱ ፊልም ሲታይ ደግሞ ከመተላለፊያው ዳር የምቀመጠው መነጽራም እኔ ነኝ። በመልክ ካላስታወሱኝ አልቀየምም፤ እርስዎ የብዙ ወንበር ኃላፊ ነዎትና ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሁሉ እንዲያስታውሱ አይጠበቅብዎትም።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን በበሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ያስለጠፉት ማስታወቂያ ነው። «በሥራ አስኪያጁ አመንጪነት» በየወሩ የፊልም ውይይት እንደሚጀመር፣ የመጀመሪያው ርዕስም «የጠፈር ፊልሞችና ሳይንስ፦ የሚሆነውና የማይሆነው» እንደሆነ፣ ምሁራን እንደሚጋበዙ፣ ሕዝቡም «ያለ አንዳች ገደብ» ሐሳቡን እንዲሰጥ እንደሚበረታታ ይናገራል። አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። የፊደል ስህተት የለበትም። ስለዚህ ደስታዬን ለመግለጽ፣ ደስታዬም ለምን እንዲህ እንደገረጣ ለማስረዳት ብዕሬን አነሳሁ። በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ከዚህ በፊት በጸሐፊዎ በኩል የላክንልዎ ሁሉ በመንገድ ላይ እየደከመው ይቀር ስለነበር ነው።

እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ ይህ ውይይት ለአዳራሽዎ አዲስ አይደለም። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ጀምሮ፣ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ እግራቸው ወደ ቤት አልሄድም የሚላቸው ጥቂት ሰዎች ነበርን። በጠፈር የሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ ለምን ታጥበውና ጠጉራቸው ተበጥሮ እንደሚወለዱ ሊገባት ያልቻለ አዋላጅ ነበረች። ፊልሙ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ የሚያንቀላፋ፣ ሲነቃ ግን ከሁላችንም አጥብቆ የሚከራከር ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ የእሱ አቤቱታ ካፒቴኑ ይህን ሁሉ ዓመት ሲጓዝ ጠጉሩ አንዴም አለማደጉ ነው። እኔ ደግሞ የፊልሙ ጠበቃ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ስህተት ሳድን የምውል በመሆኔ እሑድ ዕለት ስህተት በጎኔ ቢያልፍ ዓይኔን እጨፍንለታለሁ፤ ለሁሉም የምመልሰው «ፊልም ነው፣ ተዉት» እያልኩ ነበር።

የክርክራችን ምሰሶ ግን የመኪና መንዳት አስተማሪው ነበር። ስሙን ትተን «ፍሬን» ነበር የምንለው። ቅጽል ስሙ በቅጡ የወጣለት ነው። መንኮራኩሩ ከኮከብ ወደ ኮከብ ሲወረወር፣ አዳራሹ በሙሉ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እሺ፣ ፍሬኑስ የት ነው?» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከተለማማጅ ጎን ተቀምጦ፣ በራሱ እግር ሥር ባለችው ሁለተኛ ፍሬን የሰው ነፍስ ሲያተርፍ የኖረ ሰው ነውና መቆሚያ የሌለው ነገር ሲያይ እግሩ ሳያስበው ወለሉን ይረግጥ ነበር። ከፊቱ የሚቀመጡ ተመልካቾች ወንበራቸው ለምን እንደሚናጥ አያውቁም፤ ፊልሙ ነው ብለው ይደሰቱ ነበር።

ሊቅ አልነበረም፤ ነኝም ብሎ አያውቅም። ጨረቃ የምትቀዘቅዘው ሰው ስለማይኖርባት ነው ብሎ ከአዋላጇ ጋር ለሳምንታት ተሟግቷል። «ሰው የሌለበት ቤት መቼ ሞቆ ያውቃል?» የሚል ነበር ማስረጃው። ተሸነፈ። ሲሸነፍም ደስ እያለው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ባገኛት ቁጥር «ጨረቃዬን የነጠቅሽኝ፣ ደህና ሰነበትሽ?» እያለ ሰላም ይላት ነበር። ከእኔ ጋር ግን በአንድም ነገር ተስማምተን አናውቅም። እሱ «ከዚህ ታሪክ ቀዳዳ መኪና ያልፋል» ሲል እኔ «ታዲያ አሳልፈው» እለዋለሁ። ክቡር ሆይ፣ ሰው ብዙ ወዳጅ ሊያፈራ ይችላል፤ እንደልቡ የሚጣላው ሰው ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኝለት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ በተራ ሲደረደሩ ለፋይል ይመቻሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ። በመተላለፊያው ላይ ተቀምጠን የምንከራከርባቸውን አግዳሚ ወንበሮች ለጥገና ብለው አስነሱ። ጥገናው እጅግ ጥልቅ ሳይሆን አልቀረም፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ቆመን መከራከር ለመድን፤ ጉልበታችን ጠነከረ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ከደረጃው ሥር ቆመን ስንነጋገር መብራቱን ያስጠፉብን ጀመር። ስለ ጠፈር በጨለማ መነጋገር ለርዕሱ የሚስማማ ስለነበር ይህንን እንደ በደል ሳይሆን እንደ ዝግጅት ቆጠርነው።

ሦስተኛ። «ከፊልም በኋላ ቆሞ መነጋገር ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ዘበኛውን ላኩብን። ዘበኛው ትሑት ሰው ነበር። «በሉ እንግዲህ፣ ውጡ ተብላችኋል» ብሎን ሲያበቃ አብሮን እስከ በሩ ይሄድና «የባለፈው ሳምንቱ ሮቦት ግን፣ ያ ሁሉ ሲዋጋ ባትሪው እንዴት አያልቅም?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ መልስ ፍለጋ ሌላ ረጅም ጊዜ ይሄዳል። ይህን ሲሰሙ ዘበኛውን ወደ ጓሮ በር አዛወሩት፤ እዚያ ስለ ሮቦት የሚያነጋግረው ሰው የለም። እኛም መንገዱን ተሻግረን በአውቶቡስ ፌርማታው መጠለያ ሥር ተሰበሰብን። ዝናብ ሲመጣ ከጎን ያስገባል፤ የሚያባርር ግን የለም። አውቶቡስ ጠባቂዎችም መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይሳተፉ ነበር። በረከቱ የእርስዎ ነው።

እስከዚህ ያለው እንደ ቀልድ ሊነገር የሚችል ነው። አራተኛው ግን እንደ ሌሎቹ አጭር አይደለምና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ፍሬን ታመመ። መጀመሪያ የገባን ነገር አልነበረም። ወደ አዳራሹ ስንወጣ ደረጃው መካከል ላይ ይቆምና የተለጠፈ የፊልም ማስታወቂያ የሚያነብ ይመስል ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ እንደሌለ መጀመሪያ ያስተዋለችው አዋላጇ ናት። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እሷም እዚያው ትቆምና አብራው ባዶውን ግድግዳ ታነብ ጀመር።

ሐኪሞቹ ሳንባው ጠባሳ እያወጣ እየጠበበ ነው አሉት። ማስተማሩን ተወ፤ «ቁም!» ብሎ ለመጮህ አቅም የሌለው ሰው ከተለማማጅ ጎን አይቀመጥም አለ። ጥቂት ቆይቶ ቀጭን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተደርጎለት፣ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ የታሰረች ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር እየጎተተ መሄድ ጀመረ። በዚያ ሁኔታ ወደ ፌርማታው የመጣ ዕለት ሁላችንም እርስ በርስ ስንተያይ፣ «ምነው? ይኸው እኔም የጠፈር ልብስ ተሰፋልኝ» አለን። ጸጉር አስተካካዩ ሳቀ። አዋላጇ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ስለ መንኮራኩሩ ፍሬን መጠየቅ ተወና ስለ አየር መጠየቅ ጀመረ። የፊልሙ ሰዎች በጀርባቸው የእሱን ሲሊንደር የምታህል የአየር ጠርሙስ አዝለው ተራራ ሲወጡ፣ ሲታገሉ፣ ሲሳሳሙ ያያል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ይሄ ሰውዬ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሮጠው? እኔ ከአልጋ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ስደርስ የሲሊንደሬ መለኪያ ቁልቁል ትወርዳለች» ይለኛል። እኔም እንደ ልማዴ «ፊልም ነው» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

እንግዲህ ለዓመታት ስንከታተለው የነበረው ተከታታይ ፊልም የመጨረሻው ክፍል መጣ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ካፒቴኑን የተውነው አየሩ በሚያፈስ የተሰነጠቀ መንኮራኩር ውስጥ ነበር። በዚህ ጉዳይ ያልተከራከርንበት እሑድ አልነበረም። ጸጉር አስተካካዩ ይተርፋል ባይ ነው፤ አዋላጇ ትርፍ ጠርሙስ የሆነ ቦታ ደብቋል ትላለች። ፍሬን ግን «ይትረፍ፣ አይትረፍ አላልኩም። አየሩ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ይንገሩኝ» ይል ነበር።

ፊልሙ የተከፈተበትን እሑድ ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። የፍሬን ባለቤት ኮቱን ተኩሳለት ነበር። እሷ በአንድ ክንዱ፣ እኔ ጋሪውን ይዤ፣ ደረጃውን በየመሐሉ እያረፍን ወጣን። በሩ ላይ እርስዎ ራስዎ ወጥተው ጠበቁን። በክብር እንደተቀበሉን እመሰክራለሁ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ጋሼ፣ አዝናለሁ፤ ይሄ ዕቃ አይገባም» አሉት።

«እኔስ?» አለ ፍሬን።

«እርስዎ ይችላሉ። ዕቃው ነው የማይቻለው።»

ይህን አነጋገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አራሚ ነኝና የተበላሸ ዓረፍተ ነገር በሩቁ ይሸተኛል፤ ያ ግን ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ የተስማሙ፣ በሰዋስው ረገድ አንዳች እንከን የሌለበት ዓረፍተ ነገር ነበር።

የፍሬን ባለቤት ለምን ብላ ጠየቀችዎ። ዕቃው ድምፅ እንደሚያሰማና ተመልካች እንደሚረብሽ፣ ሰውም ወደ አዳራሹ የሚመጣው ሊዝናና እንጂ ሕመም ሊያይ እንዳልሆነ፣ የደህንነት ደንብም እንዳለ በትዕግሥት አስረዷት። የዚያች ሲሊንደር ድምፅ፣ ክቡር ሆይ፣ ጠረጴዛ ሥር ከተኛች ድመት ትንፋሽ አይበልጥም ነበር። በዚያች ሰዓት ከውስጥ የሚፈነዱት ከዋክብት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ መስታወት ያንቀጠቅጡ ነበር። በባዶ ጠፈር ውስጥ ፍንዳታ ሊሰማ እንደማይችል ከኋላችን የወጣችው አዋላጇ በወቅቱ ልታስታውስዎ ፈልጋ ነበር፤ እኔ ነኝ ክንዷን የያዝኳት።

ፍሬን አልተጣላዎትም። ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብሎ አየዎትና «ግዴለም፣ ሥራህ ነው» አለ። ከዚያም ወደ ታች ወረድን። መውረዱ ከመውጣቱ ይቀላል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም።

በማግስቱ የሐኪም ማስረጃ ከመጣ ጉዳዩ ሊታይ እንደሚችል መልእክት ስለላኩብን ማስረጃ አመጣን። ማኅተሙ ደብዝዟል ተባልን። ማኅተሙን አስደመቅን። ሲሊንደሩ ድምፅ እንደማያሰማ የሚገልጽ አንቀጽ ይጨመርበት ተባልን። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እኛ እንዲህ ስንመላለስ ፊልሙ የሚታይበት የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። ፍሬን በዚያን ጊዜ ከአልጋው መነሳት ትቶ ነበር። ሰብስቦን «ሂዱና እዩልኝ» አለን። «በደንብ እዩ። አንዲት ነገር እንዳታልፋችሁ። አንተ ደግሞ» አለው ጸጉር አስተካካዩን፣ «ለዛሬ እንኳ አትተኛብኝ።»

ሄደን አየንለት። ጸጉር አስተካካዩ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብሎ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆሞ ነው ያየው። ያን ዕለት ወንበር ላይ አልቀመጥ ብሎ ያስቸገረዎት ሰው ካለ እሱ ነው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከፊልሙ ስንወጣ ግን እንደ ወትሮው ማንም አልተከራከረም። ፌርማታው ሥር ቆምን። የሆነው እንዲህ ነበር፦ ካፒቴኑ የመጨረሻዋን የአየር ጠርሙስ ለጓደኛው ይሰጣል፤ የራሱን ሄልሜት ያወልቃል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ካፒቴኑም በሆነ አረንጓዴ ዓለም፣ ሣር ላይ ተጋድሞ ይነቃል። እንዴት እንደተረፈ የሚናገር የለም። አዋላጇ «ይሄንን ለእሱ ማውራት ነውር ነው» አለች። «በአየር እየቀለዱ። አንነግረውም።» ተስማማን። ሌላ ፍጻሜ ፈጠርንና እስከ ቤቱ ድረስ እየተለማመድነው ሄድን።

አልጋው መንገዱን እንዲያይ ወደ መስኮቱ ተጠግቶለት ነበር። የሚያልፉትን መኪኖች እያየ በለሆሳስ «ምልክት አሳይ እንጂ» ይል ነበር። ባለቤቱ ትራሱን ከፍ አደረገችለት፤ ወንበር አነሰና አዋላጇ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጀመርን። እኔ አንዱን ስናገር እሷ ታርመኛለች፤ እሷ ስትናገር ጸጉር አስተካካዩ ያቋርጣታል። ፍሬን ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ አንዳንዴ ጣቱን ያነሳና «ቆይ፣ ያቺ በር ከውስጥ አልተቆለፈችም ነበር?» ይላል። ጥሩ ከሰዓት ነበር። ድምፃችን ውስጥ ያለውን እየሰማ እሱም ፈገግ ይል ነበር።

መጨረሻውን እንዲናገር የተመደበው ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ አንደበቱ ይጣፍጣል። «ከዚያማ ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ሌላ መንኮራኩር ደረሰለት፤ ሙሉ ጠርሙስ ይዞ!» አለ።

«የትኛው መንኮራኩር?» አለ ፍሬን ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ያ… ቀዩ።»

«ቀዩ ባለፈው ጊዜ ተቃጥሎ የለ?»

«ጠግነውት ነዋ።»

«ማን ጠገነው? ሁሉም አልቀው የለ እንዴ?»

ጸጉር አስተካካዩ እኔን አየኝ፤ እኔ አዋላጇን አየኋት። ፍሬን ዓይኑን ገለጠ። «ዋሻችሁኝ» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ያዘናችሁት ለካፒቴኑ ነው ወይስ ለእኔ?»

የመለሰችው ባለቤቱ ናት። ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ንገሩት» አለች። «እዚህ ቤት የሚገባው ሁሉ ‘ደህና ነህ፣ ይሻልሃል’ ሲለው ይውላል። እኔ ሰልችቶኛል። እናንተ እንኳ ንገሩት።»

ነገርኩት። እንዴት ጠርሙሱን እንደሰጠ፣ እንዴት ሄልሜቱን እንዳወለቀ።

«ከዚያስ?»

«ዓይኑን ጨፈነ።»

«ከዚያስ?»

«ነቃ። ሣር ላይ።»

«አየሩ ከየት መጣ?»

«አልነገሩንም።»

በተከታታዩ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ታይቶ አይታወቅም። ቀድሞ ቢሆን በዚህ ነገር ብቻ ዓመቱን ሙሉ ያከራክረን ነበር። እስኪስቅብን ጠበቅን። ሲሊንደሯ ብቻ እስ… እስ… ትላለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ተዉት» አለ። «ይኑር። ምን አስቸኮላችሁ?»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «ፊልም ነው» ስል የኖርኩት ሰው፣ ያን ጊዜ ይህ ሊሆን እንደማይችል፣ ሰው ያለ አየር እንደማይነቃ፣ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች ሊያፍሩ እንደሚገባ ልጮህ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ጸጉር አስተካካዩ ጫማውን ሊያስር ያጎነበሰ መሰለ፤ ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም።

ፍሬን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ ባለቤቱ ውሃ ልታመጣለት ዞር ባለችበት አረፈ። ስትመለስ ፊቱ ወደ መንገዱ ነበር።

ቀብሩን ቢያዩት ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ እንደ ሕዝብ ዝግጅት ኃላፊነትዎ ይደነቁ ነበር። ያስተማራቸው ሁሉ መጡ፤ የታክሲ ሾፌሮች፣ የጭነት መኪና ነጂዎች፣ ከእሱ በስተቀር ሊያስተምራት የደፈረ ያልተገኘላት አንዲት አሮጊት ሳይቀሩ። መኪኖቹ ረጅም ሰልፍ ሠርተው ሲሄዱ አንዱ አንዱን አልቀደመም፤ ጡሩምባ የነፋ የለም፤ ሁሉም ርቀቱን ጠብቆ፣ መታጠፊያው ላይ ሁሉም ምልክት አሳይቶ ታጠፈ። የትራፊክ ፖሊሱ የሚያደርገው ቢያጣ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አምስተኛና የመጨረሻ። ከቀብሩ በኋላ አንድ እሑድ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ እሱ ጥቂት ቃል እንድንናገር ፈቃድ ጠየቅንዎ። አዳራሹ ለግል ጉዳይ እንደማይውል በአጭሩ መለሱልን። በሰው ዘንድ ከሞት የበለጠ የጋራ ጉዳይ እንዳለ ባላውቅም መልሱን ተቀበልኩ፤ ይህኛው ሳይዘገይ ስለመጣልን አመሰግናለሁ።

እናም አሁን ውይይት ሊጀምሩልን ነው። በአዳራሹ ውስጥ፣ በወንበር ላይ፣ መብራት በርቶ። ለጥሪዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ሆኖም የምንመጣ አይመስለኝም። እኛ አሁንም ፌርማታው ሥር ነን። አዋላጇ ተረኛ ካልሆነች ትመጣለች፤ ጸጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ነገር ግን የክርክራችን ወግ እንደ ቀድሞው አይደለም። አንዱ አንድ ነገር ይላል፤ ሌሎቻችን «እውነትህን ነው» እንላለን። ከዚያ አውቶቡሱ ሲመጣ እናያለን። በሁሉም ነገር መስማማት እንዲህ የሚመርር ነገር መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ምሁራንዎ ለዚህ መፍትሔ ካላቸው በደስታ እንሰማለን፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነን።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያበቁኝን የክቡርነትዎን ጥብቅ ሥርዓት፣ ደንብ አክባሪነትና የማይናወጥ ትሕትና እያደነቅሁ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ አዳራሽዎም ሁልጊዜ ጸጥ ያለ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የመተላለፊያው ዳር ተመልካችዎ፣
አራሚው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለፍሬን ባለቤት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እኔ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ለካ እርስዎም መንጃ ፈቃድዎን ያወጡት ከእሱ ተምረው ኖሯል። ያን ዕለት በሩ ላይ ከስቶና ፊቱ በቱቦ ተሸፍኖ ስለነበር ሳይለዩት ቀርተው ይሆናል፤ እሱ ግን ገና ደረጃው ላይ ሳለን ነበር የለየዎት። ሁለቱ ቤታቸው ሲገቡ እሷ «ታዲያ ማን እንደሆንክ ለምን አልነገርከውም?» ብትለው፣ «ምን ያደርጋል፣ ያፍርብኛል» አላት። ኮቱን እያወለቀችለትም እንዲህ አለ፦ «ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ መሪ አያያዙ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተምሬው አስተምሬው አልገባው አለኝ፤ ሲታጠፍ በጎኑ ማን እንዳለ አያይም።»